ሳላየው የገመትኩት መጋዘን

እንጀራዬን የበላሁት በመገመት ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰዎች "ምን ትሠሪ ነበር?" ሲሉኝ እንዲህ ብዬ መመለስ ጀምሬያለሁ። የገዛ ልጆቼ እንኳ ሥራዬን በቅጡ አያውቁትም ነበር። ሲጠየቁ "ማሚ ባንክ ነው የምትሠራው" ይላሉ። ባንክ ሠርቼ አላውቅም። ኮሎምበስ ዳውንታውን ባለ አንድ ኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ፣ የኢንቨስትመንት ክፍሉ ጋ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጬ፣ ሌሎች ኩባንያዎች በሚመጣው ሩብ ዓመት ምን ያህል እንደሚያተርፉ እገምት ነበር። የእኔ ግምት ገበያው ከሚጠብቀው ከበለጠ አክሲዮናቸውን እንገዛለን፣ ካነሰ እንሸጣለን።

ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት ግን ሥራዬን ለማስረዳት አይደለም። በመሰናበቻዬ ምሳ ላይ አንድ ነገር ሰማሁ። ከሰማሁት ጊዜ ጀምሮ ድንጋጤው አልለቀቀኝም። እሱ ጋ ለመድረስ ከመጀመሪያው መነሳት አለብኝ።

ወደዚህ አገር ስመጣ የአካውንቲንግ ዲፕሎማ ነበረኝ። ዲፕሎማው ሁለት ዓመት ከሻንጣ ሳይወጣ፣ እኔ የእንክብካቤ ቤት ውስጥ ሽማግሌዎች ሳጥብና ሳለብስ ቆየሁ። ከዚያ ኢንሹራንሱ ጋ ቁጥር የመተየብ ሥራ ተገኘ፤ የኩባንያዎችን የሩብ ዓመት ሪፖርት ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነው። ደመወዙ ከፊተኛው ብዙ አይሻልም፤ ግን ወንበር አለው።

አንድ ቀን ከምገለብጠው ሪፖርት ውስጥ ሁለት ቁጥሮች አልገጥም አሉኝ። ፊት ያለው ሠንጠረዥ አንድ ይላል፤ ከኋላ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ማብራሪያ ሌላ ይላል። ለቅርብ አለቃዬ ስነግራት "ዝም ብለሽ ተይቢው" አለችኝ። ተየብኩት፤ ግን አላስቀምጥ አለኝ። ወደ ቤት ልሄድ ስል ጥግ ላይ ያለውን ቢሮ አንኳኳሁ። ዋልተር የሚባል፣ የሹራቡ ክርን የተጣፈ፣ ቀጭን ሽማግሌ ነበር እዚያ የሚቀመጠው። የኮምፒውተር ቺፕ ሠሪ ኩባንያዎችን የሚከታተለው ተንታኝ እሱ ነው። ወረቀቱን አየ፤ እኔን አየ፤ ተመልሶ ወረቀቱን አየ።

"ከኋላ ነው እንዴ የምታነቢው?" አለኝ።

"አይደለም፤ ሁሉንም ነው የምተይበው" አልኩት።

ሳቀ። በወሩ ጠረጴዛዬ ከሱ ቢሮ ደጃፍ ተቀመጠ።

ዋልተር ክሊንተንቪል የሚባል ሰፈር ነው የሚኖረው። መኪና እያለው በአውቶቡስ ይመጣል፤ ምክንያቱ መንገድ ላይ ሪፖርት ለማንበብ ነው። ሲያነብ የሚጀምረው ከመጨረሻው ገጽ ነው። "ፊተኛውን ገጽ እንድታነቢላቸው ፈልገው ነው የጻፉት፤ የኋለኛውን ሕግ አስገድዷቸው ነው" ይለኛል። 

ቺፕ የሚሠራው ሰሃን ከሚያክል ስስ የሲሊኮን ዝርግ ላይ ነው። ዋልተር ያስተማረኝ ግምት ከዚያ ዝርግ ይጀምራል። ፋብሪካው በወር ስንት ዝርግ ያወጣል? ከአንዱ ዝርግ ስንት ቺፕ ይቆረጣል? ከተቆረጠው ስንቱ ደህና ነው፣ ስንቱ ይጣላል? ደህናውን ማን ይገዛዋል፣ በስንት? ስንቱ እንደሚጣል ኩባንያዎቹ አይናገሩም፤ ዋልተር ግን ካለፈው ዓመት ወጪ ወደ ኋላ እያሰላ ይደርስበታል። ሁሉም ተባዝቶ፣ ወጪው ተቀንሶ ሲያበቃ ደግሞ አንድ ትልቅ ጥያቄ ይቀራል፤ የተሸጠው ቺፕ እውነት ሥራ ላይ ውሏል ወይስ የሆነ ሰው መጋዘን ውስጥ ተኝቷል? ተኝቶ ከሆነ የሚቀጥለው ሩብ ዓመት ትእዛዝ ይደርቃል። "የቺፕ ግምት ግማሹ የመጋዘን ግምት ነው" ይላል።

ግምቱን በእርሳስ፣ በትንሽ ካርድ ላይ ይጽፋል፤ ቀን፣ ቁጥር፣ የአንድ መስመር ምክንያት። የሌሎች ተንታኞችን ግምት ካርዱን ሳይጽፍ አያይም። ከተሳሳተ ቁጥሩን አያጠፋውም፤ ይሰርዝና ለምን እንደሳተ ከሥሩ ይጽፋል። ከመጻፉ በፊት ደግሞ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች ሳይጠይቅ አይቀርም። አንድ ምስክር ለሱ ምስክር አይደለም።

ከሚከታተላቸው ኩባንያዎች የአንዱን አክሲዮን፣ ስሙን አልጠራም፣ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው ገዝቶ አስቀምጦት ነበር። አለቆች ይመጣሉ፤ ይሄዳሉ። እያንዳንዱ አለቃ "ይኼ ነገር ለምን አይሸጥም?" ብሎ ይጀምራል። ዋልተር ካርዶቹን ይደረድርለታል። ትርፉ በየሩብ ዓመቱ ከፍ ይላል፤ የአክሲዮኑ ዋጋ ግን እንደ ተገተረ ነው። "ትርፉ እያደገ ነው፤ ሰዉ አላየውም። ሲያየው ያኔ እንነጋገራለን" ይላል። እንዲህ ሲል ዘጠኝ ዓመት ያዘው። ጡረታ ሲወጣ ኩባንያውን ለእኔ አስረከበኝ።

"አንቺ አስበሽ አትሳሳቺም" አለኝ የመጨረሻው ቀን። "የምትሳሳቺው ሲሰለችሽ ነው።"

ያኔ ነገሩ አልገባኝም።

እሱ በወጣ በዓመቱ፣ ባለቤቴም ካረፈ ስምንት ወር ሆኖት፣ ሁለት ልጆች ይዤ ነበር። አዲሱ አለቃችን ብራያን ወጣት ነው፤ ፈጣን ነው፤ ክፉ አይደለም። የኩባንያው ዋጋ ትንሽ ወረድ ብሎ ስለነበር በየሰኞው በሩ ላይ ቆሞ "እና? ምን ሰማሽ?" ይለኛል። የምለው አልነበረኝም። ሰልችቶኝም ነበር፤ ደክሞኝም ነበር።

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ ከጋሽ ታደሰ ጎን ተቀመጥኩ። ጋሽ ታደሰ ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ናቸው። ግሮቭ ሲቲ ያለ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ማከፋፈያ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚሉትን ዕቃ ማንሻ መኪና ይነዱ ነበር። የኩባንያውን ስም ጠርቼ ጠየቅኋቸው።

"ጋሼ፣ የነሱ ካርቶን እናንተ ጋ ይገባል አይደል?"

"ይገባል እንጂ! ሰማያዊ መስመር ያለበት። አሁንማ እስከ ጣሪያው ሞልቶ መዞሪያ አሳጥቶናል።"

"እስከ ጣሪያው?"

"ካላመንሽኝ ነገ ፎቶ አንስቼ ቴክስት አደርግልሻለሁ" አሉ እየሳቁ።

"ይላኩልኝ" አልኩ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ፎቶው መጣ። ካርቶን በካርቶን ላይ፣ ከወለል እስከ መብራቱ። ሌላ ሁለት ሰው አልጠየቅሁም። ከቢሮዬ ግሮቭ ሲቲ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፤ መኪናዬን አስነስቼ አልሄድኩም። የሰው መሥሪያ ቤት ውስጥ የተነሳ ፎቶ መጠቀም ይገባኛል ወይ ብዬም አልጠየቅሁም። ዕቃው ካልተሸጠ ትርፉ ይወድቃል ብዬ፣ ፎቶውን አያይዤ፣ ስሜን ከላይ አድርጌ ለብራያን ሪፖርት ጻፍኩ።

"ሥራ ማለት ይኼ ነው!" አለኝ።

ዋልተር ዘጠኝ ዓመት የጠበቀውን በአንድ ሳምንት ሸጠን ጨረስነው።

ኩባንያው ውጤቱን ያወጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ገበያው እንደተዘጋ ነው። ስክሪኔ ላይ ቁጥሩ ብቅ ሲል ያየሁት የሌላ ኩባንያ መስሎኝ ነበር። ስሙን አየሁ፤ ራሱ ነው። ገጹን አደስኩት፤ ያው ነው። የገመትኩት ትርፍ ካወጡት ትርፍ ግማሹን እንኳ አይሞላም። ብራያን በሩ ላይ መጥቶ ቆመ፤ እኔ ቀና አላልኩም። ከዚያ ውጤቱን ለባለ አክሲዮኖች በሚያስረዱበት የስልክ ስብሰባ ላይ የኩባንያው ኃላፊ ረጋ ባለ ድምፅ "የመጣልንን ትእዛዝ አሟልተን መድረስ አልቻልንም" ሲል ሰማሁት። አልቻልንም! እኔ ገዢ አጣ ያልኩትን ዕቃ። በማግስቱ ጠዋት ዋጋው ሲወነጨፍ፣ ቢሮው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ላለማየት ሲጠነቀቅ ትዝ ይለኛል።

ለጋሽ ታደሰ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ ያ እስከ ጣሪያው የሞላው ዕቃ ምን ሆነ?"

"እሱማ ኢንዲያና ያለው መጋዘናችን ተዘግቶ፣ እዚያ የነበረው ዕቃ ሁሉ እኛ ጋ ስለተራገፈ ነው እኮ። የዚያ ኩባንያ ዕቃ እንኳን ሊከማች፣ ገብቶ አያድርም።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"አልጠየቅሽኝማ።" አሉ። "ደግሞ አሁን እዚያ የለሁም። ትቼዋለሁ። ወገቤ አልቻለም።"

"እግዚአብሔር ይማርዎ" አልኩና ዘጋሁ። ጭንቅላቴ ቺፑ ላይ ነበር። ድምፃቸውን አልሰማሁትም።

ቅዳሜ ክሊንተንቪል ሄድኩ። ዋልተር በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ሰማኝ።

"ሄደሽ አየሽው?" አለኝ።

"አልሄድኩም።"

"ስንት ደቂቃ ነው?"

"ሃያ።"

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ገባ ብሎ ባዶ ካርድና እርሳስ አመጣና ጉልበቴ ላይ አስቀመጠልኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ አንድ ሰው ብቻ ጠየቅሁ። ምን እንዳለ ጠየቅሁ፤ ለምን እንዳለ አልጠየቅሁም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልበል። ብራያን አላባረረኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ የዚያን ኩባንያ ግምት ማንም ሳይጠይቀኝ ለብቻዬ እየጻፍኩ አስቀመጥኩ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ካርዶቼን ይዤ ገባሁና "እንግዛው" አልኩ። ዋጋው ከሸጥንበት ሦስት እጥፍ ሆኗል። "የሸጥሽውን?" አለኝ። "የሸጥኩትን" አልኩ። ገዛን። ከገዛን በኋላ አንድ ጊዜ ዋጋው በግማሽ ወደቀ፤ ፎቁ ሁሉ "ሽጡት" አለ። እኔ ሦስት ሰው ጠየቅሁ፤ ሁለት መጋዘን በእግሬ ገብቼ፣ አስፈቅጄ አየሁ። ዕቃው እየወጣ ነው። ትርፉ ይመለሳል ብዬ ያዝኩት። ዋልተር ይህን ሳያይ ነው ያረፈው። ዓመታት አለፉ፤ ያ አክሲዮን ከክፍላችን ታሪክ ከፍተኛውን ትርፍ ያስገኘ ሆነ።

የመሰናበቻው ምሳ በዚህ ምክንያት ደመቅ ያለ ነበር። ዳውንታውን አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ተዘጋጅቶ፣ ኬክ ቀርቦ፣ ብራያን ተነሳ። አሁን ጸጉሩ ሸብቷል፤ የክፍሉ ሁሉ የበላይ ነው። ስለ ትዕግሥቴ ተናገረ። ቀጥሎ ሰውን ለማሳቅ፣ ያንን የመጋዘን ፎቶ አነሳ።

"ሰብለ እስከ ዛሬ የማታውቀው ነገር አለ" አለ። "ያኔ ከመሸጣችን በፊት የመጋዘኑን ሥራ አስኪያጅ አውቀው ስለነበር ሪፖርቷን ላክሁለት። 'ይኼ የእናንተ መደርደሪያ ነው?' አልኩት። 'የእኛ ነው' አለና ተናዶ ዘጋብኝ። ፎቶ ያነሳውን ሰውዬ በዚያው ሳምንት አባረሩት አሉ! የእኛም ሰብለ ከመባረር ለጥቂት ነው የተረፈችው!"

ሳቁ። ሁሉም አይደሉም፤ ጥቂቶቹ።

"ማንን?" አልኩ።

"የፎርክሊፍቱን ነጂ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

ብራያን ፊቴን ሲያይ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። "እንዳታዝኚ ብዬ ነው" አለ።

ሹካዬን አስቀመጥኩ። ኬኩን ማን እንደቆረሰው አላውቅም። ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ቁልፉን ማዞር አቃተኝ። አሥራ አንድ ዓመት። ጋሽ ታደሰ በየእሑዱ እጄን ይዘው "እንዴት ሰነበትሽ?" ይሉኛል። እናቴ ስታርፍ ሦስት ቀን ሙሉ ቤቴ የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። ልጄን ኮሌጅ ስናስገባ ዕቃውን የጫኑት እሳቸው ናቸው። ከመጋዘኑ ከወጡ በኋላ እንደ እኔ የድሮ ሥራ እንክብካቤ ቤት ውስጥ ሽማግሌ ሲያነሱና ሲያስተኙ፣ ወገባቸው ሲሰበር እያየሁ ነበር። ወገቤ አልቻለም ብለው መጋዘኑን የተዉ ሰው ይህን ሥራ እንዴት ያዙ ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

ሐሙስ ነበር ምሳው። ቅዳሜ ፒከሪንግተን፣ ቤታቸው ሄድኩ። ጋሽ ታደሰ ጋራዡ ደጃፍ የሣር ማጨጃ ማሽን ፈታተው ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሰላም አሉኝ፤ እንደ ወትሮው ቆጠብ ብለው።

"ጋሼ፣ ከመጋዘኑ የወጡት በወገብዎ ምክንያት አልነበረም" አልኩ። እዚያው ቆሜ።

ቀና አሉ። "ማን ነገረሽ?"

"አለቃዬ። ሐሙስ ዕለት።"

"የትኛው ሐሙስ?"

"የከትናንት ወዲያው።"

የያዙት ብሎን ከእጃቸው ወደቀ። እትዬ በላይነሽ ደረጃውን ወረዱ። "አታውቂም ነበር?" አሉኝ።

"ሪፖርቱ ላይ ስምሽ ነበር" አሉ ጋሽ ታደሰ ቀስ ብለው። "ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋልኝ። 'ስንት ከፈለችህ?' አለኝ። የቤተ ክርስቲያን እህቴ ናት፣ አንድ ሳንቲም አልሰጠችኝም ብለውም አላመነኝም።"

"ለምን ለእኔ አልነገሩኝም?"

"ነግሬሽ? ሄደሽ ልትጮሂ! አንቺንም ሊያባርሩሽ! ባልሽን ከቀበርሽ ዓመት አልሞላሽም፤ ሁለት ልጅ ይዘሻል። እኔን አንዴ አባረውኛል። ሁለታችንም ከምንጎዳ ብዬ ነው።"

መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ሲሚንቶው ላይ፣ ከብሎኖቹ መሐል። ምን ብዬ እንዳለቀስኩ አላስታውስም። ይቅርታ ያልኩት ብዙ ጊዜ ነው፤ ቃሉ ግን ምንም የሚያነሳ አልመሰለኝም። በመጨረሻ "ምን ላድርግ?" አልኳቸው።

ጋሽ ታደሰ ብዙ አሰቡ። "ያባረሩኝ ወረቀት የኩባንያ ምስጢር ሸጠ ነው የሚለው" አሉ። "ልጆቼ አንብበውታል። እንግሊዝኛው ከእኔ ይልቅ የገባው ለነሱ ነው። አንድም ቀን አልጠየቁኝም። እኔም አላስረዳሁም። ለነሱ ጻፊልኝ።"

ገባን። ምግብ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ብዙ ሪፖርት ጽፌያለሁ፤ እንደዚያኛው ደጋግሜ የሰረዝኩበት የለም። ስጨርስ እትዬ በላይነሽ ከፊቴ ተቀመጡና "በአማርኛ አንብቢልኝ" አሉኝ። እየመለስኩ አነበብኩ። አባታችሁ ገንዘብ አልጠየቀም፤ አልተቀበለም። ፎቶውን የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ያለ ፈቃድ የተጠቀምኩበት እኔ ነኝ። በዚህ ምክንያት እንደተባረረ እስከዚህ ሳምንት ሐሙስ ድረስ አላውቅም ነበር።

"እሱን ድገሚው" አሉ።

"የቱን?"

"የመጨረሻውን።"

ደገምኩት። እትዬ በላይነሽ ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ።

"እሱ እንዳልነገረሽ አልነገረኝም፤ አውቀሽ የምትስቂልኝ ነበር የሚመስለኝ" አሉ። "በየእሑዱ ስትስሚኝ፣ አውቃ ነው፣ አይኗን በጨው አጥባ ነው እል ነበር። በአንቺ ቂም ይዤ አሥራ አንድ ዓመት የጌታን እራት አልወሰድኩም።"

"በላይነሽ!" አሉ ጋሽ ታደሰ ብድግ ብለው። "ምን አልሽ?"

"አልወሰድኩም። አንተ ፊት ቆመህ ታድላለህ፤ አታየኝም። ኅብስቱ ሲመጣ ተነስቼ ኪችን እገባለሁ። ሰው ምሳ ላቀርብ የሄድኩ ይመስለዋል። ቂም ይዤ እንዴት ልውሰድ? ይቅር ልል ብዬ እጸልይና፣ ስትስቂ ሳይሽ ወደ ቂሜ እመለሳለሁ።" ወደ እኔ ዞሩ። "ሄጄ ብጠይቅሽስ ኖሮ? አንድ ቀን፣ አንዲት ቃል ብጠይቅሽስ?"

ጋሽ ታደሰ ሚስታቸውን አዲስ ሰው እንደሚያይ ሰው ያዩዋቸው ነበር። ደብዳቤውን አጥፈው የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

የሚቀጥለው የጌታ እራት በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነበር። ከኋላ ተቀመጥኩ። ኅብስቱ ሲታደል እትዬ በላይነሽ ከመቀመጫቸው አልተነሱም። ጋሽ ታደሰ ሳህኑን ይዘው እሳቸው ረድፍ ሲደርሱ ቆሙ። ረጅም ጊዜ ቆሙ፤ ከኋላ ያለው ሰው ምን ሆነ ብሎ አንገቱን እስኪያሰግግ። እትዬ በላይነሽ ወሰዱ። ከዚያ አቀርቅረው ቀሩ፤ መዝሙሩ አልቆ ሰው ሲበተንም አልተነሱም።

አዳራሹ ውስጥ ሰዉ ለምሳ ተሰልፎ ሳለ እጅ ትከሻዬን ነካኝ። እትዬ በላይነሽ ናቸው። ዓይናቸው አብጧል። አላቀፉኝም፤ አልሳሙኝም።

"ምን ይገትርሻል?" አሉኝ። "ሰዉ ተርቧል። ነይ ሳህን አቀብዪኝ።"

ተከትያቸው ኪችን ገባሁ።